ነገ ገበያ ላይ የሚሠራበት ትምህርት

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል።)

የዛሬው ንግግሬ በተለይ ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ በባቡሩ መስመር ላይ በሚገኙት ከተሞች፣ በሽንሌ፣ በአዲጋላና በአይሻ፣ ጎልማሶችን ለምታስተምሩ ነው። የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት አመቻቾች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር አደራጆች፣ ባጠቃላይ በዕድሜ ከሚበልጧችሁ ሰዎች ፊት ጠመኔ ይዛችሁ የምትቆሙ ሁሉ፣ ነገሩ እናንተን ይመለከታል። ጂጂጋም ሆነ ሌላ ቦታ ሆናችሁ አመቻቾችን የምታሠለጥኑም አብራችሁን ቆዩ፤ ለእናንተም የምለው አለኝ።

ይዤ የመጣሁት አንድ ሐሳብ ነው። የጎልማሶች ትምህርት ሲታቀድ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት የዕቅዱ መጨረሻ ነው። ተማሪዋ ከክፍል ወጥታ በመጪው የገበያ ቀን በተማረችው ነገር ምን ትሠራበታለች? ይህ መልስ ካገኘ በኋላ ነው ፊደሉም፣ ቁጥሩም፣ ሥዕሉም፣ የመቀመጫው አደራደርም የሚታሰበው። ብዙ ጊዜ የማየው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። መጽሐፉ ከገጽ አንድ ይጀመራል፣ ገጹ ይሸፈናል፣ ሪፖርቱ ይጻፋል፤ ተማሪዋ በምን ጉዳይ እንደመጣች የጠየቃት ሰው አይኖርም።

ሕፃን ልጅ የተማረውን ከዐሥር ዓመት በኋላ ትጠቀምበታለህ ቢሉት እሺ ብሎ ይቀመጣል። ወላጁ ልኮታል፣ ጓደኞቹም እዚያው ናቸው። አንዲት የአዲጋላ እናት ሁለት ሰዓት ስትሰጣችሁ ግን ፍየሎቿን ለጎረቤት አደራ ብላ፣ የምትሸጠውን ወተት ለሌላ ሰው አስይዛ፣ ምሳውን ለልጇ ትታ ነው የመጣችው። ለመምጣቷ ዋጋ ከፍላለች። የከፈለችበትን ካላገኘች በሦስተኛው ቀን ትቀራለች። ለምን እንደቀረች ፊት ለፊት አትነግራችሁም፤ እናንተን ማሳፈር አትፈልግምና። እኛም በሪፖርቱ ላይ «የግንዛቤ ማነስ» ብለን እንጽፋለን። እኔ ይህን አባባል አልቀበለውም። በእኔ ዕይታ አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱ ያለው በዕቅዱ ላይ ነው፤ ሰዎቹ ጊዜያቸውን በሚገባ አስልተው ነው የቀሩት።

አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ማልኮም ኖውልስ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ በሰፊው አብራርቷል። ጎልማሳ የራሱን ጉዳይ ራሱ መወሰን የለመደ ሰው ነው፤ የኖረው ሕይወትም ለትምህርቱ መነሻ ነው፤ የሚማረውም ከፊቱ የተደቀነ ችግር ለመፍታት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጽፏል፤ ለዛሬው ጉዳያችን ግን ይህ ይበቃናል።

(ሙዚቃ ለአፍታ።)

አሁን ወደ አዲጋላ እንምጣ። የፈረንሳዮቹ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የገባው ከጅቡቲ ተነሥቶ ይህንን ቆላ አቋርጦ ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም በዚሁ አቅጣጫ ያልፋል። ስለዚህ የአካባቢው ሰው ከመቶ ዓመት በላይ ዕቃ ሲጭን፣ ሲያወርድ፣ ሲገዛና ሲሸጥ ኖሯል። ብርና የጅቡቲ ፍራንክ በአንድ ገበያ ውስጥ ይገናኛሉ። አንዱን ወደ ሌላው በቃሏ የምታሰላ ነጋዴ ሴት በመዝገባችን ላይ «ሒሳብ የማትችል» ተብላ ትመዘገባለች። እንዲህ ዓይነት ምዝገባ ሰዋችንን ከመጀመሪያው ቀን እንዳናየው ያደርገናል።

በፊደልም በኩል እንዲሁ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገና ሲነሣ ከተጠቀመባቸው አምስት ቋንቋዎች አንዱ ሶማልኛ ነበር፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። ጎረቤት ሶማልያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 የላቲንን ፊደል መርጣ ነበር። በእኛም በሶማሌ ክልል ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ልጆች ሶማልኛን የሚማሩት በላቲን ነው። በዚህ ላይ በልጅነቱ ዱግሲ ገብቶ ቁርአን የቀራ ሰው የዐረብኛውን ፊደል ያውቃል። እንግዲህ ከፊታችሁ የተቀመጡትን ሽማግሌ ተመልከቷቸው። ዐረብኛውን ከዱግሲ፣ ጥቂት የግዕዝ ፊደል ከዘመቻው ይዘው፣ የልጅ ልጃቸው ደብተር ላይ ያለውን ላቲን ግን ማንበብ ያቃታቸው ይሆናሉ። እኚህን ሰው እንደ ባዶ ሰሌዳ መቁጠር ነውር ነው። «አዴር፣ የትኛውን ጽሑፍ ያውቃሉ? ማን አስተማረዎት?» ብሎ መጠየቅ ግን የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ የአንድ ወር ድካምም ያተርፋል። ምልክት ድምፅን እንደሚወክል፣ መስመር በአንድ አቅጣጫ እንደሚነበብ አስቀድሞ የገባው ሰው አዲሱን ፊደል ከሌላው ቀድሞ ይይዛል። ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ ለለመደ ሰው ግን የአቅጣጫው ለውጥ ራሱን ችሎ ልምምድ ይፈልጋል፤ ይህንንም አስቀድማችሁ ብታውቁት ይጠቅማችኋል።

የሚጠየቀው ነገር ፊደል ብቻ አይደለም። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ባለፈው ሳምንት ማንበብ ወይም መጻፍ ባለመቻልዎ የሌላ ሰው እርዳታ የጠየቁበት ጊዜ ነበር? ምን ላይ?» ይህን ስትጠይቁ ሰው ከልቡ ማሰብ ይጀምራል። አንዷ በስልኳ የገባውን የገንዘብ መልእክት ያነበበላትን ልጅ ታስታውሳለች። ሌላው የእንስሳት መድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን ቀን ያነሣል፤ ጊዜው ያለፈበት ይሁን አይሁን ሳያውቅ ገዝቷልና። ሌላዋ የጤና ጣቢያ ቀጠሮ ካርድ ታወጣለች። እነዚህን መልሶች ሰብስቡ፣ ጻፏቸው፣ የትኛው ደጋግሞ እንደመጣ ቁጠሩ። የመጀመሪያው ወር ትምህርታችሁ እዚያ ላይ አለ።

ይህ አሠራር በሌላ አገር ታላቅ ነገር አድርጓል። እ.ኤ.አ. በጥር 1957 በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ጆንስ ደሴት በምትባል ስፍራ ጥቁር ገበሬዎችና ቤት ሠራተኞች ማታ ማታ የሚማሩበት ትምህርት ተከፈተ። ክፍሉ የአንድ ኅብረት ሱቅ ጓዳ ነበር። መራጭ ሆኖ ለመመዝገብ ማንበብ ግዴታ ነበር፤ ጥቁሮቹን ከምርጫ ያገለላቸውም ይኸው ነበር። ትምህርቱን ያሰበችው መምህርት ሴፕቲማ ክላርክ ለማስተማር የመረጠችው መምህር አልነበረም፤ በርኒስ ሮቢንሰን የምትባል የፀጉር ሥራ ባለሙያ ነበረች። ሮቢንሰን በመጀመሪያው ቀን ለተማሪዎቿ መምህር አለመሆኗን፣ አብረው እንደሚማሩ ነገረቻቸው፤ ምን መማር እንደሚፈልጉም ጠየቀቻቸው። ስማቸውን መፈረም፣ የገንዘብ ማዘዣ መሙላት፣ በፖስታ ዕቃ ማዘዝ፣ የምርጫ መመዝገቢያውን ሕግ ማንበብ ፈለጉ። የትምህርቱ ይዘት እሱው ሆነ። ያ ጓዳ በኋላ በደቡቡ የአሜሪካ ክፍል ሁሉ የተስፋፉት የዜግነት ትምህርት ቤቶች መነሻ ነው። ፀጉር ሠሪዋ የተመረጠችው ሰው ማዳመጥ ስለምትችልና ሰዉም ስለሚያምናት ነው፤ አመቻች ስንመለምል ይህን መመዘኛ ከምስክር ወረቀቱ እኩል ብናየው እወዳለሁ።

(ሙዚቃ ለአፍታ።)

ከሁሉ በላይ እንድታስቡበት የምፈልገው ግን የእኛው አገር ታሪክ ነው፤ የሆነውም ሩቅ አይደለም፣ በጎረቤት አፋር ነው።

የከብት ደስታ በሽታን ታላላቆቻችን ያውቁታል። ክፉ ቀን በምንለው በ1880ዎቹ መጀመሪያ የአገራችንን ከብት ከሞላ ጎደል የጨረሰው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ክትባት ተገኘ፤ ትልልቅ የክትባት ዘመቻዎችም ተካሄዱ። በሽታው ከብዙ ቦታ ጠፋ፤ መንገድ በማይገባበት፣ መኪናና ማቀዝቀዣ በማይደርስበት ቆላ ግን ተደብቆ ቆየ። አፋር ከእነዚህ መሸሸጊያዎች አንዱ ነበር። የመንግሥት የክትባት ቡድኖች ወደ መንጋው ለመድረስ ብዙ ተቸግረው ነበር።

ሁለት ነገሮች ነገሩን ለወጡት። አንደኛው ዶክተር ጄፍሪ ማሪነር የተባሉ የእንስሳት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት ሙቀት የሚችል ክትባት ነው፤ ከማቀዝቀዣ ውጪ እስከ አንድ ወር ይቆያል። ሁለተኛውን ነው ዛሬ የምፈልገው። ክትባቱን የሚወጉት ከራሱ ከአርብቶ አደሩ መካከል ማኅበረሰቡ የመረጣቸው ሰዎች እንዲሆኑ ተወሰነ። ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ሥልጠናቸው አጭር ነበር፤ በእጅ በመሥራት፣ በመጠየቅና በመመለስ፣ እነሱ ራሳቸው በሚያውቁት ነገር ላይ በመመሥረት የተሰጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ሃያ ሠራተኞች ብቻ 73,000 ያህል ከብት ከተቡ። በኋላ ደም ተወስዶ ሲመረመር ከ80 በመቶ በላይ በሚሆኑት ከብቶች ላይ ክትባቱ መሥራቱ ተረጋገጠ። እ.ኤ.አ. ከ1995 ወዲህ በኢትዮጵያ የደስታ በሽታ አልታየም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በሽታው ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው።

ይህ ሥልጠና ለምን ሠራ? እኔ እንዲህ እረዳዋለሁ። ሠልጣኙ የመጣው በራሱ ከብት ላይ በደረሰ ነገር ነው። ምልክቱን ያውቀዋል፤ የዓይኑን እንባ፣ የአፉን ቁስል፣ ተቅማጡን ከሐኪሙ እኩል ይገልጸዋል፤ በየትኛው የግጦሽ ቦታ፣ በየትኛው ዓመት እንደታየም ያስታውሳል። ሐኪሞቹም ይህን እውቀት በሽታው የት እንዳለ ለማወቅ ተጠቀሙበት። ጥያቄና መልሱ ከሁለቱም በኩል የእውነት ነበር ማለት ነው። አሠልጣኙ የማያውቀውን ይጠይቃል፣ ሠልጣኙም የማያውቀውን ይማራል። የሚማረው ነገር ደግሞ ጥቂት ነበር፦ ክትባቱን እንዴት ይበጠብጡታል፣ የት ይወጉታል፣ በስንት ሰዓት ውስጥ መጨረስ አለባቸው፣ የተከተበው ከብት እንዴት ይመዘገባል። ያንን ጥቂት ነገር እጁ እስኪለምደው ይሠራዋል። በማግስቱም ወደ መንጋው ይሄዳል።

በዚሁ በእኛ በሲቲ ዞን የእንስሳት ጤና ትምህርት የምትሰጡ ባለሙያዎች ይህን በየቀኑ ልትሠሩበት ትችላላችሁ። የግመል ባለቤት ዱካን የሚለውን በሽታ፣ ፉሩቅ የሚለውን፣ የፍየሎቹን ሰምባብ እናንተ ከመናገራችሁ በፊት ራሱ ይናገር። ምልክቱን፣ ወቅቱን፣ ያደረገውን ሕክምና ይዘርዝር። የእናንተ እውቀት የሚገባው ከዚያ በኋላ፣ እሱ ባቆመበት ቦታ ላይ ነው። የኤክስቴንሽን ባለሙያው ቀድሞ ተናግሮ ሲጨርስ አርብቶ አደሩ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል፤ የሚያውቀውንም አይነግራችሁም።

(ሙዚቃ ለአፍታ።)

እስቲ አሁን አንድ የሁለት ሰዓት ትምህርት አብረን እናቅድ። ተማሪዎቹ ወተትና ፍየል የሚሸጡ ዐሥራ አምስት ሴቶች ናቸው እንበል። ሲጠየቁ ደጋግመው ያነሡት በስልክ የሚላክ ገንዘብ ነው፤ ሄሎ ካሽም ይሁን ቴሌብር። ገዢው «ልኬያለሁ» ይላቸዋል፤ እነሱ ግን መግባቱን ማረጋገጥ አይችሉም። ስለዚህ የዕቅዳችን የመጨረሻ መስመር ይህ ይሆናል፦ በቅዳሜ ገበያ እያንዳንዷ ሴት የተላከላትን የገንዘብ መጠን ራሷ አንብባ ፍየሏን ታስረክባለች። ሌላ ዓላማ አንጨምርም። ሦስት ነገር አቅዳችሁ ከሆነ ሁለቱን ሰርዙ፤ ለሚቀጥሉት ሳምንታት ይቆዩ።

መጀመሪያ ታሪክ ይነገር። በዚህ ነገር የተቸገረች አለች? ሁለት ሦስት ሴቶች ይናገሩ። አታርሟቸው፣ ምክር አትስጡ፣ ስሙ። ገዢው ሌላ ሰው የላከውን የቆየ መልእክት ያሳያት ሴት ታሪኳን ስትናገር ቀሪዎቹ ለምን እንደተሰበሰቡ ያለ እናንተ ማብራሪያ ይገባቸዋል።

ከዚያ በትልቅ ወረቀት ላይ እውነተኛ መልእክት ይጻፍ፤ የሰው ስምና ስልክ ቁጥር ግን አይኑርበት። መልእክቱ በስልካቸው በሚመጣበት ቋንቋና ፊደል ይሁን። እያንዳንዷ ተነሥታ የገንዘቡን መጠን በጣቷ ትጠቁም። ቁጥሩን አብዛኞቹ ከብር ኖት ላይ ያውቁታል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ይሳካላቸዋል፤ መሳካቱም ያስፈልጋቸዋል። ቀጥሎ ከቁጥሩ አጠገብ ያሉትን ሦስት ቃላት ለዩ፤ «ተቀብለዋል»፣ «ልከዋል»፣ «ቀሪ ሒሳብ» የሚሉትን። በዚያ ቀን የሚጠኑት ፊደላት ከእነዚህ ቃላት ይውጡ። ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬ እ.ኤ.አ. በ1963 አንጂኮስ በምትባል ድሃ ከተማ ለ300 ያህል ሠራተኞች ያደረገው እንዲህ ነው፤ ከዕለት ሕይወታቸው በተለቀሙ ቃላት ተነሥቶ ወደ 40 በሚሆኑ ሰዓታት ብዙዎቹን ለንባብ አብቅቷቸዋል። በቃላቱ ላይ የሚደረገው ውይይት ደግሞ ከፊደሉ ያልተናነሰ ትምህርት ነበር። እዚህም «ቀሪ ሒሳብ» የሚለው ቃል ሲነሣ ስለ ቁጠባ፣ ስለ ብድር፣ በቤት ውስጥ ገንዘቡን ማን እንደሚይዝ ወሬ ይነሣል። አታቋርጡት።

አሁን ልምምድ። ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡ፤ አንዷ ገዢ፣ አንዷ ሻጭ። በቁራጭ ወረቀት ላይ የተጻፉ መልእክቶች ስጧቸው፤ ከመካከላቸው ሆን ተብሎ የተሳሳተ ይኑር። 5,000 መሆን የነበረበት 500 ይሁን፤ «ተቀብለዋል» መሆን የነበረበት «ልከዋል» ይሁን። ስሕተቱን ራሳቸው ያግኙት። በዚህ ሰዓት አመቻቹ ዝም ብሎ ይዙር፤ ስልኩን ከእጃቸው አይውሰድ። በራሳቸው ስልክ የሚለማመዱ ከሆነ የሚስጥር ቁጥራቸውን እናንተም እንዳታዩ ፊታችሁን አዙሩ፤ ለምን እንዳዞራችሁም ንገሯቸው። ከብዙ ማስጠንቀቂያ ይልቅ ይህ ይታወሳቸዋል።

የመጨረሻው ዐሥር ደቂቃ ለቅዳሜ ነው። «ኤዶ፣ ቅዳሜ ምን ይሸጣሉ? ገዢው ስልኩን ሲያሳይዎት ምን ያያሉ?» እያንዳንዷ በአፏ ትናገረው። የሚቀጥለው ትምህርት የሚጀምረው ቅዳሜ የሆነውን በመስማት ነው። ያልተሳካላት ካለች የዕለቱ ትምህርት የእሷ ጉዳይ ይሁን። የተማሪ ፈተና የምንለውም ለጎልማሳ እዚያው ገበያው ላይ ነው፤ በወረቀት ብቻ ፈትናችሁ ውጤት ብታስገቡ ያወቃችሁት ነገር ትንሽ ነው።

(ሙዚቃ ለአፍታ።)

ስለ መድረክ አያያዝ ጥቂት ልበል። በዚህ አካባቢ የጎልማሶች ጉባኤ እንዴት እንደሚመራ የሚያሳይ ጥንታዊ ሥርዓት አለ። የኢሳ ሶማሌ ማኅበረሰብ በቃል ጠብቆ ያቆየው ሄር ኢሴ የተባለው ሕግ ለኢትዮጵያ፣ ለጅቡቲና ለሶማልያ በጋራ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በትውፊቱ እንደሚነገረው ሕጉን የደነገጉት 44 ሽማግሌዎች ናቸው። ወረቀት ሳይኖረው ትውልድ ያሻገረው ሰዎች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲከራከሩ፣ ሲጠቅሱ፣ ሲያዳምጡ ነው። ወጣቱም የሚማረው እዚያው ዳር ተቀምጦ ነው። እንዲህ ያለ የማዳመጥ ባህል ያለውን ሰው በረድፍ አስቀምጦ ከሰሌዳ እንዲገለብጥ ማድረግ ያለውን ማባከን ነው። በክብ አስቀምጡ። ጥያቄ ጠይቃችሁ ዝም በሉ። ዝምታው ሲረዝም አመቻቹ ይጨንቀውና ራሱ ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይመልስም። ትንሽ ታገሡ፤ ሰው ሐሳቡን እያሰናዳ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ከዛፉ ሥር ያለው ሸንጎ በልማድ የወንዶች ነው። ወንድ ሽማግሌዎች ባሉበት ክብ ውስጥ ሴቶቹ ጀርባ ላይ ተቀምጠው ሳይናገሩ ሊውሉ ይችላሉ። ስለዚህ ሴቶች ለብቻቸው የሚማሩበት ሰዓትና ቦታ ይመደብ፤ ከተገኘች አመቻቿ ሴት ትሁን። ሰዓቱንም እነሱ ይምረጡት። የቆላው ሙቀት፣ የጠዋቱና የማታው አለባ፣ የሶላት ሰዓት፣ የባቡሩና የገበያው ቀን ሁሉም ይታሰብበት። ልጅ አዝለው ለሚመጡ እናቶች ጥላና ውኃ ማዘጋጀት የትምህርት ዕቅዱ አካል ነው።

ወቅቱም እንዲሁ። በሲቲ ዞን ዝናብ የሚጠበቀው በድራእ እና በከረን ነው፤ ድራእ ከመጋቢት ገደማ፣ ከረን ከሐምሌ ገደማ ይጀምራል። ቤተሰቡ በውኃና በግጦሽ ምክንያት የሚንቀሳቀስበትን ጊዜ ሳታውቁ የዘጠኝ ወር መርሐ ግብር ብታወጡ ክፍሉ መሀል ላይ ባዶ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1974 ሶማልያ ትምህርት ቤቶቿን ዘግታ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ዘላኑ ማኅበረሰብ ስትልክ አስተማሪዎቹ ከመንጋው ጋር አብረው ተጓዙ። እኛ ያንን ያህል ባናደርግ እንኳ ትምህርቱን በአጫጭር ክፍል ከፍለን፣ እያንዳንዱ በራሱ የሚቆም አድርገን ማቀድ እንችላለን። ስድስት ሳምንት ተምሮ የሄደ ሰው ስድስት ሳምንት የሚሠራበትን ይዞ ይሂድ።

አሠልጣኞች፣ ቃል የገባሁላችሁ ይህን ነው። አመቻቾቻችን የሚያስተምሩት እናንተ እንዳስተማራችኋቸው ነው። ሦስት ቀን በአዳራሽ ውስጥ ስለ አሳታፊ ዘዴ ስላይድ ሲነበብለት የዋለ ወጣት አዲጋላ ተመልሶ ያንኑ ያደርጋል፤ ስላይዱን በሰሌዳ ይተካዋል እንጂ። ከሦስቱ ቀን ሁለቱን ልምምድ አድርጉት። እያንዳንዱ አመቻች ለጓደኞቹ የሃያ ደቂቃ ትምህርት ይስጥ፤ የተማሩትም ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ ይንገሩት። በሦስተኛው ቀን እውነተኛ ጎልማሶች ካሉበት ክፍል ውሰዷቸው። ወደ ቀበሌያቸው ከተመለሱ በኋላም ሂዱና እዩዋቸው፤ ከኋላ ተቀምጣችሁ አንድ ሙሉ ትምህርት ስሙ። ከሥልጠና በኋላ የማይጎበኝ አመቻች ብቻውን ይቀራል፤ ብቻውን የቀረ ሰው ደግሞ መጽሐፉን ከገጽ አንድ ይጀምራል።

ይህን ሬዲዮም ተጠቀሙበት። እ.ኤ.አ. በ1973 ታንዛኒያ ስለ ጤና ባካሄደችው የሬዲዮ ዘመቻ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ጎልማሶች በቡድን በቡድን ተቀምጠው ዝግጅቱን ሰሙ። የዘመቻው ጉልበት ከስርጭቱ በኋላ በነበረው ነገር ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ቡድን የሠለጠነ መሪ ነበረው፤ ተወያይቶ በመንደሩ የሚሠራውን ይወስናል፤ ብዙ መቶ ሺህ መጸዳጃ ቤቶችም ተቆፍረዋል። እናንተም ሦስት አራት አመቻቾች ሆናችሁ አብራችሁ ብትሰሙን፣ ከጨረስንም በኋላ ግማሽ ሰዓት ብትወያዩ ደስ ይለኛል።

ለመወያያ እንዲሆናችሁ አንድ ሥራ ልተውላችሁ። እስከሚቀጥለው ዝግጅት ድረስ ከተማሪዎቻችሁ መካከል አምስቱን ለየብቻ አግኙና ባለፈው ሳምንት ለማንበብ ወይም ለመቁጠር ሰው የለመኑበትን ጉዳይ ጠይቋቸው። መልሱን በራሳቸው አነጋገር ጻፉት። ከዚያ በእጃችሁ ያለውን የዚህ ወር ዕቅድ አውጡና የትኛው ትምህርት ለየትኛው መልስ እንደሚሆን በእርሳስ አገናኙ። የማይገናኝ ትምህርት ካለ አጠገቡ ምልክት አድርጉበት፤ ከወረዳው የትምህርት ባለሙያ ጋርም ተነጋገሩበት።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ጎልማሶች በቃላቸው የሚያሰሉትን ሒሳብ ወደ ወረቀት ስለማሻገር እንነጋገራለን። ብርን ወደ ፍራንክ በቃሏ የምትመነዝር ተማሪ ካለቻችሁ እንዴት እንደምታሰላው ደረጃ በደረጃ ጠይቋትና ጽፋችሁ ያዙ፤ የምንጀምረው ከእሷ ስሌት ነው። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ።)